የመኩሪያ ገዢዎች

አልታየሽ የአማቷን ሞት የሰማችው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነው። ስልኩ ትራሷ ሥር ሲንቀጠቀጥ የደሴ ቁጥር መሆኑን አየች፤ በዚህ ሰዓት ከደሴ ደግ ወሬ እንደማይመጣ ገባትና በባዶ እግሯ ወጥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። የደወለችው የባሏ እህት አስካለማርያም ነበረች። ድምፅዋ በአንድ ሌሊት አርጅቷል። «እትዬ የለችም፣ አልታዬ። እንደተኛች ቀረች» አለች። እትዬ የሚሏት እናታቸውን ወይዘሮ ፋንታዬን ነው። ከኋላዋ ሴቶች ይጮኻሉ፤ ድንኳን የሚተክሉ ወንዶች ብረት ሲያጋጩ ይሰማል። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኔ ዓለም ትቀበራለች። ለሱ እንዳትነግሪው፣ አደራ። ሰው ሰብስባችሁ በደንቡ አርዱት። ደግሞ ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ።» አልታየሽ ፎጣውን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ከበሩ ማዶ ባሏ መኩሪያ፣ የሟቿ ልጅ፣ እያፏጨ ሥዕሎቹን በአሮጌ አንሶላ ይጠቀልላል። እንዲህ ሲያፏጭ የሰማችው መቼ እንደነበር ማስታወስ አልቻለችም።

«አንቺ!» አለ በሩን እየመታ። «ልትሰምጪ ነው እንዴ? ውሃውን ለጎረቤትም አስተርፊ እንጂ!»

«መጣሁ» አለች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ ስትወጣ፣ «ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነው» አለችው ሳይጠይቃት። እሱ ዓይኗን አላየም። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለኢሚግሬሽን ኢንተርቪው የገዛውን ክራባት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ልሰረው ወይስ ይቅር?» አላት። «ይቅርብህ» አለችው። ክራባቱ ጥቁር ነበር።

ቤታቸው እንግሊዝ አገር ቶተንሃም ውስጥ፣ ካውንስሉ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ ከሚያከራየው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ሲገባበት ሦስተኛው መውጣት ያለበት ኩሽና። ትንሿ መኝታ ለልጃቸው ለዳናዊት ታስባ የተሰጠቻቸው ብትሆንም፣ በልጅነቷ ይዘዋት የመጧት ዳናዊት ዩኒቨርሲቲ ገብታም የምትተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ክፍሉን የያዙት ሥዕሎች ናቸው። ግድግዳውን ሞልተው፣ ከአልጋው ሥር ገብተው፣ የቀሩት ደግሞ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተደራርበዋል፤ የቀለሙና የማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ ወጡ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። መኩሪያ ሌሊት ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ያጥባል። ጠዋት ሲመለስ ጥቂት ያሸልብና ተነስቶ፣ ሌሊት በጋራዡ፣ ወደ ቤት ሲመለስም በመንገዱ፣ በአውቶቡስ መስታወት ያየውን ይስላል፤ ወንበር ላይ የተረሳ ጃንጥላ፣ መሪው ላይ የተደፋ ሾፌር፣ የጽዳት ሥራ ለመግባት ከንጋት በፊት የተሳፈሩ እንቅልፋም ሴቶች። ደሴ የሥዕል መምህር ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለሰፈር ልጆች አቡጀዲ ላይ የሳላት የተቃዋሚዎቹ ምልክት፣ ሁለት ጣት፣ ናት አገር ያስለቀቀችው። የመኖሪያ ወረቀቱ ከወጣለት ወዲህም እናቱን ሄዶ ለማየት «ለገና» «ለፋሲካ» ሲል ዓመቱ ያልቅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥዕል ሊገዛ ያንን በር ያንኳኳ ሰው የለም።

አልታየሽ ታክታለች። በቅርቡ አንድ ማታ፣ «ይቺ ልጅ እስከ መቼ ሶፋ ላይ ትደር? ማንም ለማይፈልገው ነገር?» አለችው። የመጨረሻዋን ቃል ለመመለስ ፈልጋ ነበር፤ ግን ወጥታለች። መኩሪያ አልተጣላትም። «ፌስቲቫሉ ይለፍ። አንዲት እንኳ ካልተሸጠችልኝ እኔው ራሴ አውርጄ ቆሻሻው ጋ እጥላቸዋለሁ። ሁለተኛ ብሩሽ አልይዝም» አለ። በቁጣ ቢናገረው ይሻላት ነበር። የተናገረው የዕረፍት ቀኑን ለአለቃው እንደሚያሳውቅ ሰው ነው።

ፌስቲቫሉ የቶተንሃም ዋና ጎዳና በሁከት በተቃጠለ በዓመቱ የተዘጋጀ ነው። እሳቱ ሲበርድ መንግሥቱም በጎ አድራጊውም ደንግጦ ገንዘብ አወጣ፤ «ጥቁር አርቲስቶቻችንን እንደግፍ» የሚል ፖስተር በየፀጉር ቤቱና በየዶሮ ጥብሱ መስኮት ተለጠፈ። አፕላይ ያደረገችለት ዳናዊት ናት። መኩሪያ፣ «ጥቁር መሆኔን የነገሩኝ ሂትሮው የደረስኩ ዕለት ነው፤ አርቲስት መሆኔን ደግሞ ይኸው አሁን ነገሩኝ» ብሎ ስቆ ነበር። ይሁንና መመረጡን የሰማ ማታ አውቶቡስ ሊያጥብ ሲሄድ ጫማውን ወልውሎ ነው የሄደው።

አልታየሽ ቆሻሻ ልጣል ብላ በደረጃው ወረደችና ለጋሽ ሀብተ ማርያም ደወለች። ጋሽ ሀብተ ማርያም የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ከከተማው ወንዝ ወዲህም ወዲያም ለመርዶ በንጋት ያላንኳኩት የአበሻ በር የለም። ነገሩን ሰምተው ሰዓት አሰሉ።

«ነፍሳቸውን ይማር። ለቀብር አይደርስም፤ የትኛውም አውሮፕላን አያደርሰውም። እንግዲያው ነገ ንጋት ላይ ነው የምንነግረው። እስከዚያ ስልኩን ደብቂ። የሰማ መስሎት አንዱ ደውሎ ያጽናናዋል።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ያ ፌስቲቫሉ ነው። ይቅርብህ ልበለው?»

«ምን ብለሽ? ያውቅብሻል። ይሂድ። ብቻውን እንዳይሆን እኛም እንመጣለን፤ ለሰዉ ሁሉ እደውላለሁ። በርቺ፣ ልጄ።»

ሲናገሩት ትክክል ነበር። ደንቡ ደግ ነው፤ ሰው መርዶ ሲሰማ ብቻውን እንዳይሆን፣ እንዳይርበው፣ በሌሊት ጨለማም እንዳይሆንበት አስቀድሞ ያሰበ ሰው ያወጣው ነው። ያ ሰው ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ የሟች ልጅ በዚያው ቀን ገበያ መሃል ሥዕል ዘርግቶ እንደሚቆም ነው። አልታየሽ ተመልሳ የመኩሪያን ስልክ ከጃኬቱ አወጣች፤ ባትሪውን ነቅላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችና ባዶውን ስልክ ወደ ኪሱ መለሰች። ከዚያ እንቁላል ጠበሰችለት። አንድ ደገመች፤ ሌላም ጨመረች።

«ምን ልትሠሪኝ ነው ዛሬ?» አለ ሳህኑን እያየ። «ልታርጂኝ ነው?»

መናፈሻው ውስጥ ነጫጭ ድንኳኖች በረድፍ ተተክለዋል። የፌስቲቫሉ ኃላፊ ሚስ ግሎሪያ፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ከጃማይካ ሰዎች እዚሁ የተወለደች ሴት፣ ለመኩሪያ ቀያይ ክብ ወረቀቶች ሰጠችው። ሥዕል ሲሸጥ ጥጉ ላይ የሚለጠፉ ናቸው። መኩሪያ እጅ ነስቶ ተቀበለና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። የዶሮ ጥብስ ጢስ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከበሮ ይመታል፤ ፊታቸውን እንደ ነብር የተቀቡ ሕፃናት በሰው እግር መሃል ይሯሯጣሉ። ዝናብ ካፍ አለና ተወው። ሰው መጣ፣ ቆም አለ፣ «ቢውቲፉል» አለ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ዋጋውን አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ሄደ። ጎናቸው ካለው ድንኳን ከሽቦ ጌጥ የምትሠራው ሴት ጉትቻ ሸጠች፤ ደግሞ ሌላ ሸጠች። መኩሪያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ፈተና ጠባቂ ቆሟል። «ገና ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ሰው ምሳ ሳይበላ ሥዕል አይገዛም» አለ። አልታየሽ የዋጋ ወረቀቶቹን አየች። ሰማንያ ፓውንድ፣ መቶ ሃያ፣ ትልቁ ሁለት መቶ። ቀንስ ብላው ነበር። አሁን ግን ድምፅ ሳታሰማ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንዲት ብቻ በገዛ ብላ ተመኘች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የጠራችው በዚህ ምኞቷ መስሎ ተሰምቷታል።

መጀመሪያ የመጣው አህመዲን ነው። አህመዲን የደሴ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ገቢ የሚበዛባትን ቅዳሜን ደግሞ በምንም ነገር የማይለውጥ ሰው ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። መኩሪያን አቀፈና አልለቅ አለው።

«ምነው አሜ፣ ሰሞኑን ተያይተን የለም እንዴ?» አለ መኩሪያ እየሳቀ።

«ናፈቅከኛ» አለ አህመዲን። ከዚያ መስቱራ መጣች፤ የቅመማ ቅመም ሱቋን ዘግታ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጡ። የእድሩ ሰዎች ከካምደንም ከባተርሲም አውቶቡስ እየቀያየሩ መጡ። ጋሽ ሀብተ ማርያም በከዘራቸው እየተረዱ ሳሩን አቋርጠው መጡ። ሁሉም የሚበላ ነገር ይዟል፤ ሳምቡሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ በፌስታል የታሰረ ቆሎ። «ብላ እንጂ መኬ፣ አልበላህም» እያሉ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ ያጎርሰዋል። መኩሪያ አፉ ሞልቶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ በደስታ ያኝካል። ትርፍ የፕላስቲክ ወንበር ከየድንኳኑ ለምነው አመጡና በሸራው ግድግዳ ዙሪያ ተደረደሩ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንም ማንንም ሳያናግር። ሌላ አቀማመጥ አያውቁም። ነጭ ድንኳን ውስጥ፣ ለዚህ ጉዳይ፣ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

መኩሪያ መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየና ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት! ተነሱ እስቲ፣ ሥዕሉን እዩ! ንፍሮ የለም እዚህ!»

ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ዝምታው ሊያጋልጣቸው ሲል መስቱራ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።

«ይሄ ስንት ነው?» አለች ከፊቷ ያለውን እያመለከተች። ምን እንደተሳለበት እንኳ አላየችም።

«ሰማንያ። ላንቺ ግን፣ መስቱ...»

«ተው! ጠቅልልልኝ።»

መስቱራ ከአከፋፋዮቿ ጋር በአንድ ጆንያ እርድ ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት ናት። መኩሪያ ይህን ያውቃል። ከደረት ኪሱ አንዷን ቀይ ክብ ወረቀት ለማውጣት ታገለ። አልታየሽ አወጣችለትና እሱ ለጠፋት። ከዚያ ወዲህ የሚያቆመው አልተገኘም። አንዱ ሲገዛ ሌላው ባዶ እጁን መቀመጥ አፈረ፤ ለቅሶ ቤት ጎረቤቱ ይዞ የመጣውን አይቶ እንደሚያፍር ሁሉ። አህመዲን መቶ ሃያ ፓውንዱን ከታክሲው የዕለት ገቢ ቆጥሮ አውቶቡስ ውስጥ የተኛች ሴት ያለችበትን ሥዕል ያዘ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሁለት ወሰደ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተዋጥተው ትልቁን ገዙ፤ ከዚያ ማን ቤት እንደሚቀመጥ ሲነጋገሩ እያንዳንዳቸው «አንቺ ጋ ይሁን» ተባባሉ። ቀያዮቹ ክቦች ከጥግ ጥግ ተዳረሱ። መኩሪያ ስለ እያንዳንዱ ሥዕል ለእያንዳንዱ ገዢ ያስረዳል፤ የትኛው ጥግ እንዳስቸገረው፣ የትኛው ሰማያዊ ሦስት ጊዜ እንደተቀባ። እነሱ ከሥዕሉ ይልቅ ፊቱን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ በዕድሜ የገፉ ጥቁር ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ገብተው የአውቶቡሷ ሥዕል ፊት ቆመዋል። ቀድሞም ሁለት ጊዜ መጥተው ሄደው ነበር፤ አልታየሽ ልብ ብላቸዋለች። አሁን መነጽራቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ጭንቅላቷን የአውቶቡሱ መስኮት ላይ አስደግፋ ተኝታለች፤ ተረከዟ ከጫማዋ ወጥቷል፤ መስታወቱ ላይ የትንፋሿ ጉም አለ።

«ይቺን ሴት አውቃታለሁ» አሉ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ፣ ለመኩሪያ ሳይሆን ለሥዕሉ። «ሠላሳ ዓመት የሌሊት አውቶቡስ ነድቻለሁ። በመስታወቴ ሳያት ነው የኖርኩት። ፌርማታዋ ሲደርስ እንድትነቃ ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ እይዝላት ነበር።» ከዚያ ወደ መኩሪያ ዞሩ። «ስንት ነው?»

አልታየሽ ሥዕሉን በቅጡ ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው። በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ የሴትዮዋን ጫማ አወቀችው። ቡናማ፣ ተረከዙ የተረገጠ፤ ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ የምታደርገው የራሷ ጫማ ነው። ይህ ሥዕል ከቁም ሣጥኗ ጀርባ የኖረ ነው፤ አቧራ ስትጠርግ ስንቴ አንስታ አስቀምጣዋለች።

«አዝናለሁ» አለ መኩሪያ። «ተሽጧል።» ቃሏን ማር እንደሚልስ ሰው ነው ያጣጣማት። «ለወዳጄ ተሽጧል።»

አህመዲን ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ይውሰዱት ሊል እንደነበር አልታየሽ ከፊቱ አነበበች። የጋሽ ሀብተ ማርያም ከዘራ የእግሩን ጫፍ ነካ ሲያደርገው ተመልሶ ተቀመጠና ጫማውን ማየት ያዘ። አልታየሽም ባሏን «ስጣቸው» ልትለው ትችል ነበር። ግን አንድ ቃል ከአፏ ከወጣ ሌላው ተከትሎ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ሽማግሌው ሥዕሉን አንድ ጊዜ ደግመው አዩና ኮፍያቸውን ደፍተው ከሰዉ ጋር ተቀላቀሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አህመዲን ሥዕሉን ተሸክሞ ወስዶ የታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ከውሃ ጀሪካኑና ከትርፍ ጎማው መሃል ከቶት ተመለሰ።

ዳናዊት ለሚስ ግሎሪያ ስትላላክ ቆይታ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ገና ከመግባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ አቅፋ ጆሮዋ ላይ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የአያትሽን ነፍስ ይማር» አለቻት። ዳናዊት እናቷን በክንዷ ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ ጄኔሬተሩ ጋ ወሰደቻት።

«ማሚ፣ አያቴ ሞታለች?»

«ቀስ በይ!»

«ዳዲ አያውቅም? ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እሱ ብቻ ነው የማያውቀው?»

«ነገ ጠዋት ይነገረዋል። ደንቡ ነው፣ ልጄ። ለሱው ነው።»

«እናቱ እኮ ናት! ሂስ ማዘር!» ከዚያ ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ቀያዮቹ ክቦች ዞር ብላ አየችና ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ። «ቆይ... የሚገዙት ለዚህ ነው?»

ጄኔሬተሩ ያጓራል።

«ማሚ፣ ወደውለት እየመሰለው ነው እኮ።»

«ይምሰለው። ለአንድ ቀን እንኳ ይምሰለው።»

«ነገስ?»

አልታየሽ ነገን አላሰበችውም ነበር። ጋሽ ሀብተ ማርያምም አላሰቡትም፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ካሉት ማንም አላሰበውም። ሁሉም ያሰበው ስለ መርዶው ነው። ዳናዊት እናቷን ትታ በሰዉ መሃል ሄደች። እነግረዋለሁ ብላ ተቻኩላ እንደነበር ከአረማመዷ ያስታውቃል፤ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ግን አባቷ አያትና፣ «ዳኒዬ! አለቁ እኮ! ሁሉም አለቁ!» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት። ገብታ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። አልነገረችውም።

የእንግሊዙ ሰዓት አንድ ሲል ደሴ ላይ ዘጠኝ ነው። አልታየሽ ሰዓቷን እያየች፣ አሁን አስከሬኑ ከቤት ወጣ፣ አሁን ቁልቁለቱን ያዘ ስትል፣ ሚስ ግሎሪያ መጥታ ቀያዮቹን ክቦች አየችና ጮኸች። በፌስቲቫሉ ከሱ በቀር አንድም ሥዕል ሳይተርፈው የሸጠ የለም። መኩሪያን በእጁ ጎትታ ወደ ትንሿ መድረክ ወሰደችው፤ እድርተኛው ሁሉ ተነስቶ ተከተለ። ብቻውን እንዳይሆን ነው። በማይክሮፎኑ፣ «እዩት ይህን ሕዝብ!» አለች። «ከየትም ከየትም መጥተው ለአርቲስታቸው ቆመዋል! ሌሎቻችን ከነሱ እንማር!» ሜዳው አጨበጨበ። መኩሪያ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ አልሆነለትም። ወደ አማርኛ ገባ።

«ወገኖቼ» አለ። «እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ስስል፣ ለማን ነው የምስለው እያልኩ ነበር። ባለቤቴም ትላለች፤ ብትልም አልፈርድባትም።» ወደ አልታየሽ አይቶ ሳቀ። «ልጅ ሆኜም እናቴ፣ አንተ ልጅ ይሄን ሁሉ የምትሞነጫጭረው ማን ሊገዛህ ነው ትለኝ ነበር። አሁን ስልኬ ባትሪ ጨርሷል እንጂ ከዚሁ ነበር የምደውልላት። ነገ ጠዋት ደውዬ የገዙኝን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እነግራታለሁ። መስቱራ ገዛችኝ፣ አህመዲን ገዛኝ እላታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ነው ሰው ያደረጋችሁኝ።»

ሴቶቹ ከዚህ በላይ አልቻሉም። መስቱራ ሻሿን ነክሳ ተንሰቀሰቀች፤ አንዷ ስትጀምር ሌሎቹ ተከተሉ፤ ወንዶቹም ፊታቸውን አዞሩ። አልታየሽ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ አለቀሰች፤ ቢያንስ በቀብራቸው ሰዓት አለቀስኩላቸው አለች በልቧ። ሕዝቡ በሥዕል የተነካ ሰው ሲያይ ጊዜ ደስ ብሎት ይበልጥ አጨበጨበ። ከበሮው ተመታ። መኩሪያ ሲያለቅሱለት አይቶ እሱም አለቀሰ።

ማታ ቤታቸው ሲገቡ ያዘጋጀችለትን ሁሉ በላ። ከበላ በኋላ ትንሿን ክፍል ከፍቶ ባዶውን ግድግዳ እያየ ቆመ። ሥዕሎቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኗል። «ለዳናዊት እንስጣት» አለ። «እኔ ኩሽና ውስጥም ቢሆን እስላለሁ። ገንዘቡን ደግሞ ትኬት እቆርጥበታለሁ፤ ዘንድሮ በምንም ቢሆን እትዬን አያታለሁ።» ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ። «አልታዬ፣ ተሳስተሽ ነበር» አላት፤ ሊያሸንፋት አይደለም፤ የደስታው ማለቂያ አልተገኘለትም እንጂ።

«አዎ» አለችው። «ተሳስቼ ነበር።» ሽማግሌውን ልታነሳለት ፈለገች። እኚያ ሰውዬ እኮ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው መጡ፣ ጫማዬንም አወቅሁት፣ ልትለው ፈለገች። እሷም ባሏም ስማቸውን አልጠየቁም። የት እንደሚኖሩም አያውቁም። ዳናዊት ሶፋው ላይ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ግድግዳውን እያየች ነው፤ እራት አልበላችም። መኩሪያ ልደውል ብሎ የሷን ስልክ ሲጠይቃት አልታየሽ፣ «አሁን እዚያ መሽቷል፣ ተኝተዋል። በጠዋት ትደውላለህ» አለችው።

ሲነጋ አልታየሽን የቀሰቀሳት የበሩ ድምፅ ነው። መኩሪያ ቀድሟት ተነስቷል። ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ኩሽና ውስጥ አዲስ ሸራ እንጨት ላይ ሲወጥር ቆይቶ፣ ፍሬሙን በእጁ እንደያዘ ሄዶ ከፈተ። ከኋላው ስትደርስ ኮሪደሩ እስከ ደረጃው ድረስ በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከፊት ናቸው። መስቱራ፣ አህመዲን፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ገንዘብ ያዡ፤ ትናንት የነበሩት ሁሉ አሉ። መኩሪያ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ፈገግ ብሎ ነበር የከፈተው፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አልታየሽ ከጀርባው፣ ከትከሻው መውረድ አወቀች።

«ምነው?» አለ። «ልትመልሷቸው ነው?»

አህመዲን አንገቱን ደፋ።

«ግድ የለም» አለ ፈጠን ብሎ፣ እነሱን ከሐፍረት ለማዳን። «አምጧቸው፣ ምንም አይደለም። ብሩን አልነካሁትም።»

ጋሽ ሀብተ ማርያም በየበሩ የሚናገሩትን ቃል ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ ብለውታል። አፋቸውን ከፈቱና ቃሉ አልመጣ አላቸው። የሰውዬው ሐዘን እሳቸው ሳይነግሩት በሌላ ነገር ተጀምሯል። መኩሪያ ወደ እጃቸው አየ። የያዙት ሥዕል የለም። ያን ጊዜ ነጠላቸውን አየ፤ ሁሉም አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ከኋላ መስቱራ፣ «ወይኔ እትዬ ፋንታዬ!» ብላ ጩኸቱን ለቀቀችው፤ ኮሪደሩ አስተጋባ፤ የጎረቤት በር ተከፈተ።

መኩሪያ አልጮኸም። ወደ አልታየሽ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ እናቱ ሞታ እንደሆነ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም፤ እሱን ተረድቶታል።

«መቼ ነው የሰማሽው?» አላት።

«ትናንት ጠዋት።»

«የመጀመሪያዋ ሥዕል ሳትሸጥ በፊት?»

«በፊት» አለችው።

መኩሪያ ራሱን ነቀነቀ። በእጁ የያዘውን ባዶ ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ አስደገፈውና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

«ግቡ» አለ።